ደንቆሮው አውሮፕላን

አድማሴን በዚያ ጠዋት ያናደደውን ሁሉ እንቁጠር ብንል ሁዳዴው ያልቃል እንጂ ነገሩ አያልቅም።

ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ከጎጃሟ ቁይ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ምሽግ ሠርቶ አራት ዓመት የተቀመጠው ጣሊያን ሌሊቱን ጓዙን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ፈርጥጧል። ጎሕ ሲቀድ ፊታውራሪ ድረስ የሚባሉ አለቃ የሚመሯቸው አርበኞች አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ገቡበት። ይህ እልል የሚያሰኝ እንጂ የሚያናድድ አልነበረም። ችግሩ፣ ምሽጉን የሚደበድብ አውሮፕላን በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከሱዳን እንዲመጣ እንግሊዞች ከሳምንት በፊት ቃል መግባታቸው ነው። የለመኗቸውም ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ምሽጉ የእኛ ሆኗል፤ አውሮፕላኑ ግን ይህን አያውቅም። የማሳወቁ ሥራ ደግሞ የአድማሴ ነው።

አድማሴ የዚያው አገር ልጅ ነው። ጣሊያን የገባ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ካርቱም ላይ እንግሊዞች ያለ ሽቦ በምት የሚነጋገሩበትን ንፋስ ስልክ አስተማሩት፤ በአራተኛ ዓመቱም አንድ የብረት ሣጥን በበቅሎ ጭኖ፣ አንድ እንግሊዝ ሻምበል ተከትሎ አገሩ ገባ። ሻምበሉ በወባ ተይዞ መንገድ ላይ ሲቀር ሣጥኑ ከነጣጣው ለአድማሴ ተረፈ። ሣጥኑ የሚሠራው አንድ ሰው እጀታ እየዘወረ ኃይል ሲሰጠው ብቻ ነው። ዘዋሪው አወቀ የሚባል ጠብደል ገበሬ ነበር፤ ሥራውን እንዳማረረ ከመጣ ሁለተኛ ወሩ ነው።

«አሁን ይህ ሣጥን ሰማ?» ይላል አወቀ ላቡን እየጠረገ።

«አንተ ዝም ብለህ ዘውር።»

«እየዘወርሁ ነው። ሰማ ወይ ነው ያልሁህ።»

ሣጥኑን የተከሉት ምሽጉ ውስጥ አይደለም። እዚያ ገደሉ ድምፁን ስለሚውጠው ከሸለቆው ማዶ፣ ሰፊው መስክ ላይ ነው። ከመስኩ ሆኖ ምሽጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በእግር ልሂድ ላለ ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አድማሴ ከንጋቱ ጀምሮ አንድ ዓይኑ ከሣጥኑ፣ አንድ ዓይኑ ከምሽጉ ነበር። ምክንያቱም ሚስቱ የኔዓለም እዚያ ናት። «ባልሽ ሱዳን ገብቶ ከእንግሊዝ ውሏል» ብለው ጣሊያኖች ከሁለት ዓመት በፊት ወስደው የምሽጉ ወጥ ሠሪ አድርገዋት ነበር። በሕይወት መኖሯን የሰማው ገና ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሊሮጥ ሲነሣ ፊታውራሪ ክንዱን ያዙት።

«ሚስትህ የትም አትሄድብህም። መጀመሪያ አውሮፕላኑን መልስልን።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ተቀመጠና ወደ ካርቱም መታ፤ ምሽጉ ተይዟል፣ አውሮፕላኑ ይቅር አለ። መለሱለትም። የመለሱለት ግን አራት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ እንደነበር እነሱ ይወቁት። ወረቀቱ ላይ የገለበጠው ቃል እንዲህ ይላል፦ «አውሮፕላኑ ተነሥቷል። ደጋግመን ጠራነው፤ አይመልስም። ራዲዮው የተበላሸ ይመስላል። በደንቡ መሠረት ከምሽጉ ፊት ለፊት ነጭ መስቀል መሬት ላይ አንጥፉ፤ ወርዱም ቁመቱም አርባ አርባ ክንድ ይሁን። ነጂው ካየው ክንፉን አወዛውዞ ይመለሳል። ካላየ የታዘዘውን ይፈጽማል። መልካም ዕድል።»

አድማሴን ከሁሉ ያንገበገበው ያ «መልካም ዕድል» ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። እሱ እዚህ አውሮፕላን ይመልሱልኝ ብሎ ይጮኻል፤ አውሮፕላኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይመጣል፤ ካርቱሞች ሻያቸውን እየጠጡ ዕድል ይመኙለታል።

ያም ሆኖ ደንቡን ያውቀዋል። ራዲዮ ሲበላሽ በጨርቅ መነጋገር ገና ሲማር የተነገረው ነገር ነው፤ ለዚሁ የሚሆን ሁለት ጣቃ ነጭ አቡጀዲም ከካርቱም ሲነሣ ተሰጥቶታል። በበቅሎው ጭነት ውስጥ ቢፈልግ አጣው። ወደ ፊታውራሪ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አቡጀዲዬ የት ደረሰ?»

«የቱ አቡጀዲ?»

«ለአውሮፕላን ምልክት የመጣው ነዋ!»

ፊታውራሪ ድረስ ጢማቸውን ዳበሱ። «ጉንደ ወይን መንገድ ላይ የወደቁትን ልጆች የገነዝንበት ነው» አሉ። «በምን እንቅበራቸው ኖሯል?»

ቢናደድ ሙታኑን መንቀፍ ሆነበት፤ ባይናደድ አንጀቱ አረረ። ዘወር ብሎ መስኩን አየ። ከቁይና ከዙሪያው የመጣ ሕዝብ የጣሊያንን መሄድ ሊያይ ግጥም ብሏል፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ጨርቅማ ሞልቷል። ወደ ሴቶቹ ሄዶ እጅ ነሥቶ፣ አውሮፕላኑ እናንተም ጠላት መስላችሁት እንዳይጨርሳችሁ ነጠላችሁን አውሱኝ ብሎ ለመነ። ሴቶቹ ደግ ነበሩ። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ ከየትከሻው እየወረደ ተቆለለ። ምሽጉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ቶሎ እንድታወጣም ሽታዬ የምትባለውን፣ እንደ ወንድ ጠመንጃ የምትይዝ የአርበኛ ሚስት ላከ።

«የኔዓለምን እጇን ይዘሽ አምጪልኝ» አላት።

«ምን ይዤ አመጣታለሁ፣ በርራ ነው የምትመጣልህ!» ብላው ቁልቁለቱን ወረደችው።

አድማሴና አወቀ ነጠላዎቹን በመስኩ ላይ እየዘረጉ፣ ጫፍና ጫፉን በድንጋይ እየጫኑ የመስቀሉን አንዱን ረድፍ ጨረሱ። ሁለተኛውን ሊያቋርጡ ሲጀምሩ ከበስተኋላቸው ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ መጣ።

«እናንተ! ምንድን ነው የምትሠሩት?»

የፊታውራሪ የነፍስ አባት አባ አካለ ወልድ ናቸው። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት እህል የተጫነች አህያ፣ አንዱን ነጠላ በኮቴዋ ረግጣ ታኝካለች።

«መስቀል ነው፣ አባ» አለ አወቀ በየዋህነት።

አድማሴ አወቀን በዚያች ደቂቃ ገደል ቢከተው ደስ ባለው።

«መስቀል!» አሉ አባ። «መስቀል መሬት ላይ ተነጥፎ፣ አህያ እየረገጠው! አንሡ! አሁኑኑ አንሡ!»

«አባ፣ ይህ መስቀል አይደለም። ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

አድማሴ «የመስቀል» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። አባ አልሳቁም። አድማሴ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው፤ አውሮፕላኑ እንደደነቆረ፣ በጨርቅ ካልሆነ በምንም እንደማይሰማ፣ ሰዓቱም እየሄደ እንደሆነ። ድንጋይ ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነበር። እንግዲያው ዘንበል አድርገን እንሥራው አለ። ጴጥሮስ ቁልቁል ተዘቅዝቆ የተሰቀለበት መስቀል መስቀል መሆኑ ቀረ ወይ አሉት። ክብ እናድርገው ይሆን ብሎ ራሱ አሰበና ክቡን ነጂው እንደማያውቀው ትዝ አለው። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባ፣ ሰው ሊሞት ነው! እርስዎ ስለ አህያ ኮቴ ይጨነቃሉ!»

ይህን ማለት አልነበረበትም። አባ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን አነሡ።

«መስቀልን በመሬት ላይ የሚዘረጋ እጅ ቢኖር፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቻለሁ!»

አለቀ። ከዚያ በኋላ ማን ይንካው? ሴቶቹ ነጠላቸውን ከእሳት እንደሚያወጡ ሁሉ እየተሻሙ አነሡ። አወቀ እንኳ እጁን ከጀርባው ደበቀ። አድማሴ ወደ ፊታውራሪ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ይዘዙልኝ!»

«ልጄ፣» አሉ ፊታውራሪ፣ «አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቻለሁ። ግዝት ተዋጋ ግን አትበለኝ።»

ፀሐይዋን አየ። አምስት ሰዓት አልፏል። ሽታዬ ዳገቱን እያለከለከች ስትወጣ ከኋላዋ ምሽግ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ይግተለተላል። ዓይኑ አንድ በአንድ ለቀማቸው። የኔዓለም የለችም።

«የታለች?»

«አልወጣም አለች።»

«ምን አለች?»

«ሁሉም ወጣ። እሷ ከማድ ቤቱ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ያ የጣሊያን የብረት በር ነው፤ ብንደበድበውም እሺ አላለ። ባሌ ራሱ ካልመጣ አልወጣም ብላለች።»

አድማሴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አንዱ መስቀል አታንጥፍ ይለዋል፣ አንዷ አልወጣም ትለዋለች፣ አንዱ ከሰማይ ሆኖ አይሰማም። አልሰሜን ግባ በለው እንዲሉ፣ ለማን ይንገር? አራት ዓመት ሙሉ ያያት ቀን የሚላትን ሲያሰናዳ ኖሯል፤ አሁን አፉ ላይ የመጣው ስድብ ብቻ ነው። ግትር! ከድሮም ግትር ነበረች። ልሂድ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው፤ እዚህስ ማን ይቀራል? እንባው መጣ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየው አለቀሰ።

አባ አካለ ወልድ ቀረብ ብለው አዩት።

«እዚያ ውስጥ ማን አለህ?»

«ሚስቴ።»

ሽማግሌው ምሽጉን አዩ፤ መስኩን አዩ፤ በሴቶቹ እቅፍ ያለውን ነጠላ አዩ።

«እኔ መሬት ላይ አይነጠፍም አልሁ እንጂ አይሠራም መች አልሁ?» አሉ። «መስቀል በእጅ ይያዛል። በሉ፣ ነጠላውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥሩት። ከራስ በላይ ከፍ አድርገን እንይዘዋለን። ከላይ የሚያይ ሰው መሬት ላይ ይሁን ራሳችን ላይ ምን ቸገረው?»

አድማሴ ዓይኑን ጠረገ። «አባ! ይህን ቀድመው አይሉኝም ነበር?»

«አንተ መች ጠየቅኸኝ? ስትጮህብኝ ነበር።»

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የተነጠፈ ጨርቅ አጠገብ ማንም መቆም የለበትም፣ አንጥፎ መሸሽ ነው። የሚያዝ መስቀል ግን ሰው ይፈልጋል፤ ነጂው ምልክቱን ሳይለይ የተሰበሰበው ሰው ጠላት ከመሰለው ቦምቡ የሚወርደው በያዡ ላይ ነው። አድማሴ ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት አባ ቀደሙት።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ መካከሉ ላይ እቆማለሁ። ቤት ያለው፣ ልጅ ያለው ይቅር።»

የቀረ የለም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጥቂቱ ወደ ዛፉ ሥር ፈቀቅ አለ። የበዛው ግን ነጠላ ይቋጥር ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና አንዱ የቋጠረው በሌላው እጅ ይፈታል፤ ይህ ጎትት ይላል፣ ያ ልቀቅ ይላል። ከቁይ የመጣ ሰው ከይጁቤ ለመጣ ሰው ቋጠሮ ሊያስተምር ይሞክራል። አድማሴ ከዳር እስከ ዳር እየሮጠ ሲለማመጥና ሲቆጣ ድምፁ ዘጋ።

ስድስት ሰዓት ይመጣል የተባለው አውሮፕላን የመጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንደ ንብ ሲያጉረመርም በመጀመሪያ የሰማችው ሽታዬ ነበረች። በዚያ ጊዜ የተዘረጋው አንዱ ረድፍ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ገና ይቋጠራል። አድማሴ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶት ወደ ሣጥኑ ሮጠ። «ዘውር!» አለ፤ አወቀ ዘወረ፤ አድማሴም እንደ እብድ መታ። አትጣል፣ አትጣል፣ አትጣል። እንደማይሰማ ያውቃል። ቢሆንም መታ።

አውሮፕላኑ መስኩን አልፎ ምሽጉ ላይ ዞረ። አንድ ጥቁር ነገር ከሆዱ ተላቀቀ። መሬቱ ዘለለ፤ ድምፁ ዘግይቶ መጣ፤ ምሽጉ በአቧራ ተሸፈነ።

አድማሴ የጮኸውን ጩኸት አላስታወሰውም፤ በኋላ የነገረው አወቀ ነው። እጁ ላይ የነበረውን መምቻ ወርውሮ ወደ ሸለቆው ሊሮጥ ሲል ሕዝቡም ሊበተን ሲል የአባ ድምፅ መስኩን ሞላው።

«ቁሙ! ሁለተኛው ረድፍ ተነሥ! በቀኝ በኩል ሰው ጎድሏል፤ አድማሴ፣ ጫፉን ያዝ!»

«አባ፣ ሚስቴ!»

«አንዱ ወደቀ። ከለቀቅህ ሁለተኛውን ማን ይመልስልሃል?»

እግሩ ወደ ምሽጉ ሊሄድ ነበር፤ እጁ ግን ጨርቁን ያዘ። ምን ያድርግ? እውነት ነው። እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ። ከግራው ፊታውራሪ ድረስ ኩታቸውን አውልቀው በእጀ ጠባብ ቆመዋል። አርባ ክንድ በአርባ ክንድ የሆነ መስቀል፣ ሥሩ ሰው፣ መካከሉ ላይ ሽማግሌ ቄስ፣ በነፋሱ እየተርገበገበ ቆመ። አባ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመሩ፤ ሌላው ተቀበለ። አድማሴ አልተቀበለም፤ ጥርሱን ነክሶ አውሮፕላኑን ይሰድብ ነበር። አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ጆሮ የሌለህ፣ ዓይንስ የለህም? እያለ። ክንዱ ዛለ። አቧራው ገና ከምሽጉ ላይ አልተነሣም።

አውሮፕላኑ ዞሮ መጣ። ዝቅ አለ። ጥላው በነጠላው ላይ ሲያልፍ አንዲት ሴት ተንበረከከች፤ ጫፏን ግን አልለቀቀችም። አድማሴ የነጂውን የቆዳ ቆብ አየው፤ ሰውየው አንገቱን አውጥቶ ቁልቁል ያያል። ደግሞ አለፈ። ደግሞ ዞረ። ይህ ሁሉ ዙረት ምንድን ነው! ከዚያ ግራ ክንፉ ዝቅ አለ፤ ቀኝ ክንፉ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ግራው። ወደ መጣበት ሄደ።

እልልታው ሲነሣ አድማሴ ሸለቆው ውስጥ ነበር። ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣው ማለት ይቻላል። ቦምቡ የወደቀው ከግንቡ ውጭ፣ የበቅሎ ጋጣው ላይ ነው። ማድ ቤቱ ጣሪያው ተገሽልጦ ቆሟል። የብረት በሩን በጡጫ ደበደበው።

«የኔዓለም! የኔዓለም!»

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ አቧራ ለብሳ ብቅ አለች። ቆማ አየችው።

«ከስተሃል» አለች።

ጠዋቱን ሙሉ የተጠራቀመው ንዴት ገንፍሎ ወጣ። «አንቺ ድንጋይ ራስ! ሰው ሁሉ ሲወጣ ምን ብለሽ ተቀመጥሽ? ልትገድይኝ ነው? እኔ እዚያ ማዶ…»

«ወጥቼ ነበር» አለች የኔዓለም። «ደጁ ድረስ ወጥቼ ነበር። ማዶ ሆኖ በንፋስ ስልክ አውሮፕላኑን የሚያናግረው ባልሽ ነው አሉኝ። ተመልሼ ገባሁ። አንተ እያናገርኸው እኔ ከማን እሸሻለሁ? ጣሊያኖቹ ባልሽ ረስቶሻል፣ አይመጣም እያሉ ሁለት ዓመት ሲያደክሙኝ አንድ ቀን አላመንኋቸውም። ዛሬ ከሰው ጋር ብሮጥ ያመንኋቸው መሰለኝ።»

አድማሴ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አልሰማኝም እኮ» አለ።

«ማን?»

«አውሮፕላኑ። ስልኩ ተበላሽቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልሰማኝም።»

የኔዓለም መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ቀና ብላ የተገሸለጠውን ጣሪያ አየች፤ በቀዳዳው የሚታየውን ሰማይ አየች። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ቦምቡ ሲወድቅ ያልፈራችው ሴት አሁን ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር።

«አንድም ቃል?» አለች።

«አንድም።»

በጡጫ ጉልበቱን መታችው፤ ደገመችው። ከዚያ ልብሱን ጨምድዳ ይዛ ጮክ ብላ አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ፤ ሊያቅፋት ቢፈልግ ክንዱ ዝሎ አልታዘዝ አለው።